የውሃው ጥድ

ያን ቀን መቀሌ ላይ ነፋሱ ከንጋት ጀምሮ አልቆመም። የየካቲት ነፋስ ነው፤ ዝናብ አያመጣ፣ ደመና አያመጣ፣ አቧራውን ብቻ ይዞ ከዓይናለም በኩል እየመጣ የቤቱን ቆርቆሮ ሁሉ ያንኳኳል። ኡሙሀኒ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፍና፣ ልጇን ሩፋይዳን አዝላ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነበር። ልጅቷ አታለቅስም። የሚያለቅስ ልጅ ጉልበት አለው። ሩፋይዳ ግን ጭንቅላቷን እናቷ ጀርባ ላይ ጥላ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዝም ብላለች።

ነርሷ ደግ ሴት ነበረች፤ አልተቆጣችም። "ደግሞ መጣሽ" አለቻት። "ይህችን ልጅ ተቅማጥ አልለቅ አላት እኮ። ዛሬም በሕይወት አድን ዱቄቱ ተመልሳለች። ሌላ ጊዜ እንዲህ ደርቃ ከመጣች ግን እኔ እንጃ።"

ኡሙሀኒ "እሺ" ብላ ወጣች። ለሰው ሁሉ እሺ ማለት የለመደች ሴት ናት። ነርሷ የነገረቻትን ግን ከነርሷ በፊት ታውቀዋለች። በጦርነቱ መንገዱ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ፣ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት እንኳ ከከተማው በጠፋበት ጊዜ፣ የመጀመሪያ ልጇን ኢክሪማን የወሰደባት ይኸው በሽታ ነው። እሱም እንዲህ ዝም ብሎ ነበር። ስለዚህ በዚያ ነፋስ ውስጥ ስትራመድ በልቧ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይቺኛዋ እንዳትሄድባት።

ኡሙሀኒ የተወለደችው ወሎ፣ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ባለ አገር ነው። አምስተኛ ክፍል ላይ ሳለች አባቷ ሞተ፤ ደብተሯን ለታናሽ ወንድሟ ሰጥታ ከእናቷ ጋር ሥራ ገባች። ማንም አስገድዷት አይደለም፤ ማንም ተመለሺም አላላት። ኋላ አብዱልጀሊል የሚባል ነጋዴ አገባትና መቀሌ ይዟት መጣ። መንገዱ እንደተከፈተ "ወሎ ሄጄ ሥራ ልይና እጠራችኋለሁ" ብሎ ሄደ። መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ከዚያ በበዓል በበዓል ሆነ፤ ከዚያ ቀረ። አልረገመችውም። መርገምም አቅም ይፈልጋል።

የምትኖረው ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሠፈር፣ ኣስካል በምትባል አሮጊት ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ቀን ቀን እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ወዳለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥታ፣ ተማሪዎች የሚሠሩበት ላብራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ ታጥባለች፣ ወለል ትወለውላለች። ሩፋይዳን የምትጠብቅላት ኣስካል ናት።

በዚያ ግቢ ውሃ የሚመጣው በተራ ነው። በመጣ ቀን ሁሉም ጀሪካኑን ይሞላል፤ ከዚያ እስኪመጣ እየቆጠበ ይጠጣል። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ውሃ አፍልታችሁ አጠጡ የሚል ሥዕል ተለጥፏል። ኡሙሀኒ አይታዋለች። ነገር ግን ከሰሉ ለምግቡም አልበቃ ብሏል፤ ደግሞም እናቷ ውሃ አፍልታ አታውቅም። የእናቷ ዘዴ ሌላ ነው። እንስራውን ታጥብና የጥድ ፍልጥ አጭሳ፣ አፉን ጢሱ ላይ ትደፋዋለች። ጢሱ ሆዱን ሞልቶ ሲወጣ ቀና አድርጋ ውሃ ትሞላበታለች። ያ ውሃ ይጣፍጣል። ስምንት ልጅ ጠጥቶት አድጓል። ኡሙሀኒም መቀሌ ከመጣች ጀምሮ አላቋረጠችውም፤ ጎህ ሲቀድ ከመንገድ ዳር አጥር የተቆረጠ የጥድ ጭራሮ ታነድና እንስራዋን ታጥናለች። ኢክሪማም የጠጣው ይህን ውሃ ነው፤ ሩፋይዳም።

በላብራቶሪው ዳናይት የምትባል ተማሪ አለች። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ደሴ ስለኖረ አማርኛዋ ወሎ ወሎ ይላል፤ ከኡሙሀኒ ጋር ያግባባቸውም እሱ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው በጥድ ዛፍና በአንድ ባክቴሪያ ላይ ነው።

"እስኪ ንገሪኝ" አለቻት ኡሙሀኒ አንድ ቀን፣ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ። "ይሄ ሰውዬ ማን ነው?"

"የትኛው ሰውዬ?"

"ኮላይ በቀለ። ጠዋት መጥተሽ ያን የሚሞቅ ሣጥን ትከፍቺና 'ኮላይ በቀለ፣ ኮላይ በቀለ' ትያለሽ። አስተማሪሽ ነው ብዬ ነበር። ኋላ ደግሞ እጮኛዋ ነው አልኩ።"

ዳናይት የያዘችውን አስቀምጣ ሳቀች። "ኢ. ኮላይ ነው። ባክቴሪያው። ሳህኗ ላይ በቀለ ማለቴ ነው እኮ።"

"እኔ ደግሞ አባቱን በቀለ አደረግሁት።"

"እጮኛ እንኳ እንደሱ አይከተልሽም። የትም ነው ያለው።"

ዳናይት አስተማሪዋ ባክቴሪያውን በጥዱ ከመግደልሽ በፊት መጀመሪያ ሁለቱን አወዳድሪያቸው ብሏት ብቻዋን ትለማመድ ነበርና፣ ሰሚ ያገኘች መሰላት። ኡሙሀኒ እያጠበች ታወራላት ጀመር። "ጥድ የሞቃት አገር ሰው ቢሆንም ደጋ ይወዳል። እጅሽን ዘርግተሽ የማታቅፊው ግንድ ያወጣል። ኮላይን ግን ዓይንሽ አያየውም። ጥድ አያትሽ ሲበቅል አይተውት አንቺ ሲያድግ አታዪውም። ኮላይ ምግብና ሙቀት ካገኘ አንቺ ይህን ባልዲ ብልቃጥ ሳትጨርሺ አንዱ ሁለት ይሆናል። ጥድ ወንዱ ዛፍ ሌላ፣ ሴቷ ዛፍ ሌላ ነው። ኮላይ ባል የለው ሚስት የለው፤ መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል፣ አለቀ።"

"ባል የለው ሚስት የለው። እንደኔ።"

"አንቺ መች ተሰነጠቅሽ?"

"አልተሰነጠቅሁም? ግማሼ እዚህ ብልቃጥ ያጥባል፣ ግማሼ እዚያ ልጅ ይጠብቃል።"

ዳናይት ከታጠበው ብልቃጥ አንዱን አንስታ መድረቂያው ላይ ገለበጠችላት። ቀጥላም "አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ደግሞ አለ" አለች። "ውስጣቸው የተጻፈበት ፊደል አንድ ዓይነት ነው። ያው ፊደል፤ የጥዱ ትልቅ መጽሐፍ፣ የኮላይ ቁራጭ ወረቀት።"

"ልጅ የሚገድለው ቁራጩ ነው?"

"ሁሉም አይገድልም። አብዛኛው በኔም በአንቺም አንጀት ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል። ውሃ ውስጥ ከተገኘ ግን ውሃውን ከሰገራ ጋር የተነካካ ነገር ነክቶታል ማለት ነው፤ ክፉዎቹም አብረውት ይኖራሉ። ከጉድጓዱ ንጹሕ ሆኖ ቢመጣ እንኳ በጀሪካን፣ በመቅጃ፣ በእጅ ይገባል።"

ኡሙሀኒ እጇን በሽርጧ ጠረገች። "እሺ፣ ጥዱና እሱ ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል?"

"ይኸው እሱን ለማየት ነው የምለፋው።"

በነጋታው ኡሙሀኒ እንስራ የምታጥንበትን ጭራሮ በፌስታል ይዛ መጣች። የእናቷን ዘዴ ነገረቻት። ዳናይት ቅጠሉን አሸት አሸት አድርጋ አሸተተችውና "ኡሙ፣ ይሄ እኮ የፈረንጅ ጥድ ነው" አለች። "ዘመድ ነው እንጂ አንድ አይደለም። እዚህ መንገድ ዳር የተተከለው ሁሉ እሱ ነው። የእናትሽ አገር ጥድ የሐበሻው ነው የሚሆነው።"

ኡሙሀኒ ይህን ስትሰማ ደረቷ ላይ የነበረ ነገር ለቀቅ አደረጋት። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ እንስራዋን ታጥን የነበረው በሌላ ዛፍ ነው። እንግዲያው ዘዴው አልከዳትም። የከዳት ዛፉ ነው።

እውነተኛ ጥድ ግን ከየት ይምጣ? በአካባቢው የነበረው በከበባው ጊዜ ተቆርጦ ከሰል ሆኗል። ደግነቱ ከሠፈሯ አንድ አሮጌ ቤት እየፈረሰ ነበር። የፈረሰ ቤት ዕቃ የሚነግደው ዛሂድ የአገሯ ልጅ ነው። ከተቆለለው እንጨት መሐል አንድ የተሰበረ የጣራ ወራጅ እየጎተተ አወጣላትና በመጥረቢያ አንድ ጊዜ አለው። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀይ ነበር። ሽታው የእናቷን ጓዳ አመጣባት።

"ይሄ ከአያትሽ ይበልጣል" አላት ዛሂድ። "ተራራ ላይ ስንት ዘመን ቆሞ፣ ደግሞ ስንት ዘመን ጣራ ተሸክሞ። አሁን ለማን ይሆናል? ተሰብሯል። ውሰጅው።"

ፈልጦ አሰረላት። ቤት ስትደርስ ፍልጡን በሩ ሥር ደረደረችው።

ያ ሳምንት ተማሪዎቹ የተግባር ፈተና የሚፈተኑበት ነበር፤ ኡሙሀኒ ሳይነጋ ወጥታ ሲመሽ ነው የምትመለሰው። እንስራውን በራሷ እጅ ለማጠን ጊዜ የላትም። ስለዚህ ኣስካልን አደራ ልትላት ሄደች።

ኣስካል በልጅነቷ አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ወጥ ቤት ሆና ሠርታለች። አማርኛ የተማረችው እዚያ ነው፤ ኩራቷም እሱ ነው። ኡሙሀኒ በትግርኛ ብታናግራት እንኳ በአማርኛ ነው የምትመልሰው፤ ትግርኛሽ ጆሮዬን ያመኛል ትላታለች።

"ኣደይ ኣስካል" አለቻት፣ እናቴ ማለቷ ነው፤ "እኔ በሌለሁበት ውሃው ጥድ እንዳይቀርበት አደራ። የሩፋይዳ ነገር ነው።"

"ውሃው?"

"አዎ። ጥድ። እንጨቱ በሩ ሥር አለልዎት።"

"ጥድ" አለች ኣስካል ጭንቅላቷን እየነቀነቀች። "ሕራይ ጓለይ፣ እሺ ልጄ። ጠዋት ጠዋት ጥድ። ሂጂ አሁን፣ ይረፍድብሻል።"

ኡሙሀኒ ማታ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው የልጇን ከንፈር ነው። ቀጥሎ በሩ ሥር ያለውን ፍልጥ። ፍልጡ በየቀኑ ይቀንሳል። ቀጥሎ ከእንስራው ቀድታ ትቀምሳለች፤ ውሃው ጢስ ጢስ ይላል። ሳምንቱ ወጣ፣ ሌላ ሳምንት ገባ፤ ፈተናው ተራዝሞ ሥራው አላባራም። የሩፋይዳ ሆድ ግን ረጋ። ምግብ ጠየቀች። አንድ ማታ ሩፋይዳ ከኣስካል ዶሮ ጋር ስትጣላ ደረሰችና፣ ልጅቷ ስታለቅስ ሰምታ ኡሙሀኒ በሩ ላይ ቆማ "አልሐምዱሊላህ" አለች። ለቅሶ ሰምቶ ያመሰገነ ሰው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

"ጥዱ አሸነፈልሽ" አለቻት ለዳናይት በማግሥቱ። "ኮላይ በቀለን ቅበሪው።"

ዳናይት አልሳቀችም። ኡሙሀኒ በእረፍቷ ቀን ሌላ ትንሽ እንስራ ከጎረቤት ተውሳ፣ በራሷ እጅ በወራጁ ፍልጥ አጥና፣ ውሃ አሳድራበት በጠርሙስ አምጥታላት ነበር። ዳናይት ያንን፣ በፈረንጁ ጥድ የታጠነውን፣ ምንም ያልተደረገውንም ጎን ለጎን ሞክራቸዋለች። ሦስቱን ትንንሽ ሳህኖች አወጣችና ብርሃን ላይ ያዘችላት። ሦስቱም ኮላይ በቅሎባቸው ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነዋል፤ የቱ የየት እንደሆነ መለየት አይቻልም።

"የቅጠሉን ጭማቂ አጠንክሬ ሳደርግበት ዙሪያውን ትንሽ ይሸሸዋል" አለች ዳናይት። "ፍጹም ምንም የለውም አልልሽም። ጢሱ ግን ኡሙ፣ ለውሃው ምንም አልሠራለትም።"

"ልጄ ድናለች።"

"አውቃለሁ።"

"ወላሂ ድናለች። ዶሮ እያባረረች ነው። ሳህንሽ ተሳስቷል።"

ዳናይት ልትከራከራት አልፈለገችም፤ የኢክሪማን ነገር ታውቃለች። "ምናልባት እኔ አበላሽቼው ይሆናል" አለች። "ሩፋይዳ ከምትጠጣው፣ ከዚያው ከቤት እንስራ አምጪልኝ። እንደገና ልየው።"

አመጣችላት። ሳህኗ ሣጥኑ ውስጥ አድራ ስትወጣ ባዶ ነበረች። አንድም ነጠብጣብ የለባትም።

"ይኸው" አለች ኡሙሀኒ።

ዳናይት ሳህኗን ገልብጣ አየቻት፣ መልሳ ገለበጠቻት። "ይሄኛው ምን ተደርጎ ነው?"

"በጥድ ታጥኖ።"

"ያኛውስ?"

"እሱም በጥድ ታጥኖ። ያው ፍልጥ ነው።"

"ያጠነውስ ያው ሰው ነው?"

ኡሙሀኒ አሰብ አደረገች። "ያኛውን እኔ። ይሄኛውን ኣስካል።"

"እንግዲያው ኣስካል እንዴት እንደምታጥን ጠይቂያት። እኔም ልማርበት።"

ያን ቀን ሥራ ቀደም ብሎ አለቀ። ኡሙሀኒ ስትደርስ ኣስካል ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ሩፋይዳ ልጣጩን እየለቀመች ለዶሮዋ ትወረውራለች፤ ዶሮዋ አትፈልገውም።

"ኣደይ ኣስካል፣ እንስራውን እንዴት ነው የሚያጥኑት?"

"ምኑን?"

"እንስራውን። ጠዋት ጠዋት።"

"እንስራ ለምን አጥናለሁ? ጠላ ልጠምቅ ነው? የናንተ አገር ሰው ነው ለውሃ ጢስ የሚያጨስ።"

ኡሙሀኒ የያዘችውን ፌስታል መሬት ላይ አኖረች። "አደራ ብዬዎት ሄጄ አልነበር? ውሃው ጥድ እንዳይቀርበት ብዬ።"

"ታዲያ መች ቀረበት?" ኣስካል ቢላዋዋን ወደ ጉልቻው አቀናች። "ትልቁን ድስት ጣድኩ፣ ውሃው ተንተከተከ፣ አወረድኩ፣ ክዳን ገጥሜ አቀዘቀዝኩ፣ እንስራውን በፈላው አጥቤ ገለበጥኩበት። በየጠዋቱ። ወገቤ እስኪቆረጥ። እሷ ደግሞ መጥታ መች አደረጉ ትለኛለች።"

"ይጣዱልኝ አላልኩም እኮ። ጥድ ነው ያልኩት።"

"እኮ፣ ጣድ።"

"ጥድ! እንጨቱን። ዛፉን። ጽሕዲ።"

"ጽሕዲ?" ኣስካል ሽንኩርቱን ጣለችው። "እዋይ። ታዲያ ጽሕዲ አትይኝም?"

"እርስዎ በትግርኛ ሲያናግሩዎት መች ይሰማሉ?"

"እኔም እኮ ገርሞኝ ነበር። ሁሌ 'ይጣዱ፣ ያውርዱ' እያለች በአንቱታ የምታናግረኝ ልጅ፣ ምነው ዛሬ 'ጣድ' ብላ እንደ ወንድ አዘዘችኝ አልኩ። ኋላ ደክሟት ነው ብዬ ተውኩልሽ።"

"እንጨቱስ?"

"አነደድኩት እንጂ። በሩ ሥር አለልዎት አላልሽም? ደግሞ ጥሩ ይነዳል። ሽታው ግቢውን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አደረገው።"

ኡሙሀኒ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነበር። ኣስካልም አብራት ሳቀች፤ ሩፋይዳም ያልገባትን ሳቀች። ከዚያ የኡሙሀኒ ሳቅ መሐል ላይ ቆመ። በሩ ሥር የቀረውን ፍልጥ እያየች ነበር። በከበባውም ጊዜ እንጨት አላጣችም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እንስራ ታጥንበት የነበረው ጭራሮ አንድ ድስት ውሃ ያፈላ ነበር። ይህን ለኣስካል አልነገረቻትም። ኣስካል ግን አሮጊት ናት፤ ፊቷን አይታ ሳቋን ዋጠች፣ ቢላዋዋን አነሳች፣ "ያን ጊዜ ማን ምን አወቀ፣ ጓለይ" ብላ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

በማግሥቱ ለዳናይት ነገረቻት። ዳናይት በሳቅ ከወንበሯ ላይ ልትወድቅ ደረሰች። "እና ጥዱ አሸነፈ ማለት ነው" አለች እንባዋን እየጠረገች። "በመድኃኒትነቱ ሳይሆን በማገዶነቱ።"

"አሸነፈ" አለች ኡሙሀኒ። "ራሱ ግን አለቀ።"

ብልቃጡን እያጠበች ያን ወራጅ ታስበው ነበር። ማንም ሳያየው ሲያድግ ኖሮ፣ በአንድ ጠዋት ተቆርጦ፣ የሰው ጣራ ተሸክሞ፣ በመጨረሻ ከድስት ሥር ገብቶ አመድ ሆነ። ያኛው፣ ግንድ የሌለው፣ ቅጠል የሌለው፣ በዓይን የማይታየው፣ ዛሬ በድስት ቢሞት ነገ በመቅጃው ይመለሳል፤ መቅጃው ቢታጠብ በእጅ ይመለሳል። እሱ አይደክመውም። እሷ ይደክማታል። ቢሆንም ውሃው በየቀኑ መጣድ አለበት፤ ሌላ መንገድ የለም።

ዳናይት ትምህርቷን ጨርሳ ሄዳለች። በላብራቶሪው ሌላ ተማሪ ሌላ ነገር ታበቅላለች። ዛሂድ የጥድ ወራጅ ከዚያ ወዲያ አላገኘም፤ ያገኘውን ባሕር ዛፍ ይሰጣታል፤ በሌለ ጊዜ ከሰል ታነዳለች፤ ከሰል ባነደደች ቀን ወጡ ይቀራል። ኣስካል እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት "ኡሙሀኒ፣ ጥድ!" ብላ ትጣራለች፤ ግቢው በሙሉ ምን ማለቷ እንደሆነ ያውቃል። እንስራውን የሚያጥን ሰው የለም።

ኡሙሀኒ አሁንም ቀዳማይ ወያነ፣ በኣስካል ግቢ፣ በዚያችው ክፍል ትኖራለች። እንዳ ኢየሱስ ብልቃጥ ታጥባለች። ሩፋይዳ በሕይወት አለች፤ በመስከረም ትምህርት ቤት ትገባለች።